አራት ጊጋ

ብቸና፣ ቅዳሜ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
ጤፍ የጫነ አህያ ሱቄን ገፍቶ ሊገባ፣
ጋሽ ይርሳው መጣልኝ ጋቢውን አጣፍቶ፣
ከመሐረብ ቋጠሮ አንድ ፍላሽ አውጥቶ።

«የአንጓች የሰርግ ፊልም አልገባም አለብኝ፤
ቪዲዮ አንሺው ሞክሮ፣ ሞክሮ መለሰኝ።
አሥራ ስድስት ጊጋ ብለው ነው የሸጡኝ፤
ጎተራው ባዶ ነው፤ ምን ይሁን የያዘኝ?»

ሰካሁት። ገለጥኩት። ፋት ሠላሳ ሁለት።
ያረጀ አከፋፈል፣ የድሮ ሥርዓት፤
ከአራት ጊጋ በላይ ለአንድ ባለርስት
አይሰጥም፣ ሜዳው ቢተርፍም ከፊት።

ይህን በምን ቋንቋ ለገበሬ ልንገር?
ደግሞስ ከገበሬ ማን ያውቃል ስለ ድንበር!
«መሬቱማ ሰፊ ነው» አልኩት፤ «ጠባቡ መዝገቡ፤
ለአንድ ሰው ከአራት ጥማድ በላይ አይጽፍም ደንቡ።
መዝገቡ ካልተለወጠ ሰርግህ አይሰፍርም።»

«ሽግሽግ ነው በይኛ!»
ፊቱ ጠቆረ።
ያውቃታል ያችን ቃል። ገመድ ይዘው መጥተው፣
ከባሕር ዛፉ ሥር ችካል ቸክለው፣
ማታ የሱ የነበረው
ጧት በሌላ ስም ተጠርቶ ነበረ።

«ያለውንስ? ያለውን ይነቅለዋል?»
«ፎርማት ካልነው፣ አዎ፣ ባዶ ይሆናል።
እውነቱን ልንገርህ ግን፤ በፈጣኑ ፎርማት
የሚቀደድ መዝገቡ ነው፤ እህሉ አለ ከመሬት፣
ባለቤት የሌለው፣ ስም አልባ አዝመራ፣
ሌላ እስኪዘራበት፣ እስኪታረስ በተራ።»

ዝም አለ። ቆየና በጣቱ አሳየኝ፤
«ያችን፣ ከታች ያለችውን፣ እንዳትነኪብኝ።»

ከፈትኳት። አርባ አንድ ሰከንድ፣ ከስልክ የተቀዳች።
የደጊቱ ድምፅ። ሦስት ዓመቷ ካረፈች።
«ጨው እንዳትረሳ። ባትሪ ድንጋይም።
ማጭዱን አስለህ ና። ደመናው አያምርም።
ሰማህ ወይ፣ አንተ ሰው?»
ትስቃለች። ያልቃል።

ይርሳው ብሎ ስም ያወጣለት ማን ነበር?

ሳይነቅል የሚለውጥ አንድ ትእዛዝ አለ፤
ጥቁር መስኮት ላይ የሚጻፍ፣ አንዲት መስመር ያከለ።
መጀመሪያ ግን ሁሉን ወደኔው ቀዳሁት፤
የብቸናን መብራት ማን አምኖት!
ኤንቲኤፍኤስ ሆነ። ሰርጉም ሰተት አለ፣
ሚዜው ከነሳቁ፣ ከበሮው ከነጭፈራው፣
ስድስት ጊጋ ተኩል።
ደጊቱም ከጥጓ ሳትነቃነቅ ቀረች።
ሃምሳ ብር ከፈለኝ፤ መርቆኝ ሄደ።

በሳምንቱ መጣ። በብብቱ ሬዲዮ፣
አንቴናዋ የተሰበረ፣ በላስቲክ የታሰረች።
«ሰርጉንማ በጎረቤት ቴሌቪዥን አየነው፤ አገር ጉድ አለ።
ይቺ ግን ደጊቱን አላውቃትም አለች።»
ሰካሁላት። ቀይ መብራቷ ብልጭ ብልጭ፣
ከዚያ ዝም።
አሮጌ ናት፤ የምታነበው የድሮውን መዝገብ ብቻ ነው።
ሰባት ሌሊት እንዴት እንዳደረ
አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩት።
በእጁ ማጭድ ይዟል፣ አዲስ የተሳለ።

እንግዲህ ወደ ኋላ። ፎርማት አደረግኩት፤
ፋት ሠላሳ ሁለት፣ እንደ ጥንቱ።
ደጊቱን መልሼ አስቀደምኩ፣ ከሁሉ በፊት።
ሰርጉን ግን ቆረጥኩት፣ ለሁለት።
የት ልቁረጠው? ብዬ ደጋግሜ አየሁት፤
አንጓች በሩ ላይ ስትደርስ፣ አባቷ ጉልበት ስትስም፣
እግሯ ከደጃፉ ሳይሻገር፣ እዚያው ላይ ቆረጥኩት።
በመጀመሪያው ክፍል ገና የሱ ልጅ ናት፤
በሁለተኛው የሰው።
እያንዳንዱ ከአራት ጊጋ በታች።

ብር ሲያወጣ እምቢ አልኩት።
ሬዲዮዋ ተናገረች፤ «ጨው እንዳትረሳ…»
አህያ ነጂው እንኳ ቆሞ ሰማ።

አንድ ነገር አልነገርኩትም፤
ያቺ አርባ አንድ ሰከንድ ከኔ ኮምፒውተር አልጠፋችም።
ላጠፋት ደጋግሜ እጄን ሰድጃለሁ፤
«እርግጠኛ ነሽ?» ይለኛል፤ «አይ» እለዋለሁ።
ቅዳሜ ማታ ሱቄን ስዘጋ፣ አንዳንዴ፣
ጨው ገዝቼ እገባለሁ፣
ቤቴ ጨው ሞልቶ።